ቅዳሜ ማታ የቆሙ ታክሲዎች

ሳሎናችን ውስጥ የተዘረጉት ወንበሮች እስካሁን አልታጠፉም። ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ ይዟቸው የሚሄድ ዓይነት ናቸው፤ እግራቸው ቀላል ብረት፣ መቀመጫቸው የአረንጓዴና የነጭ ፕላስቲክ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ የተበጠሰበትን ቦታ አባቴ በሕይወት እያለ በሲባጎ ጠግኖታል። ከሆስፒታል ሥራዬ ወገቤ ተቆርጦ ስገባ አንዱ የግድ ቅልጥሜን ይመታኛል። እረግመውና አልፈዋለሁ። ማጠፍ ግን አልደፈርኩም። ለምን እንዳልደፈርኩ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ወንበሮቹ የተገዙት ለሳሎን ሳይሆን፣ እዚህ አሜሪካ ጋርዴና በሚባለው ሰፈር ለነበረው የመኪና ሲኒማ ነውና።

ፌርፋክስ ላይ የአገራችን ስም በታፔላ ከመሰቀሉ በፊት እዚያ አካባቢ ያደጋችሁ ቦታውን ታስታውሱታላችሁ። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ነበር፤ እኛ ግን «ሜዳው» ነበር የምንለው። በፋብሪካዎችና በጎማ መሸጫዎች መሃል፣ በረጅም የብሎኬት አጥር የተከለለ ሰፊ አስፋልት ነው። አስፋልቱ በየረድፉ ጉብ ጉብ ተደርጎ ስለተሠራ መኪናው ጉብታው ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ፊት ለፊት ፎቅ የሚያክል ነጭ ስክሪን አለ። ድምፁ በመኪናው ሬድዮ ይመጣል። ከስክሪኑ ሥር ዥዋዥዌ ነበር፤ ፊልሙ እስኪጀመር የሜክሲኮም የፊሊፒንም የእኛም ልጆች በሌሊት ልብሳችን ሆነን እንጋፋበታለን። የተጠበሰ ዘይት፣ የጎማና ከባሕር የሚመጣው እርጥብ ጭጋግ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሜዳውን ያገኘልን ጋሼ ታደሰ ነው። ጋሼ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ፣ እንደ አባቴ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣል፣ በወሬ ደግሞ ሁላችንንም ይበልጣል። አንድ ቀን ጋርዴና ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ መንገድ ይጠፋዋል፤ ቀና ሲል ከአጥር በላይ ቤት የምታክል ሴት ስታለቅስ ያያል። «እኔን ያየች መስሎኝ መኪናውን አቆምኩ» እያለ ሲያወራው ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ሚስቱን እትዬ አልማዝን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ እኛን አስከተለን። ከዚያ በኋላማ የፌርፋክስ ታክሲ ነጂ ሁሉ ሚስቱን፣ ልጁን፣ አዲስ የመጣ ዘመዱን ጭኖ ሰኞ ሰኞ መትመም ጀመረ።

ሰኞ ለታክሲ የሞተ ቀን ነው። ሌላ መኪና ስለሌለን በዚያው በታክሲው ነበር የምንሄደው፤ መግቢያው ደግሞ በመኪና እንጂ በሰው ስለማይከፈል ተጨናንቀን ነበር የምንገባው። በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ አሜሪካዊ የታክሲውን ሰልፍ ባየ ቁጥር «ሜትሩ እየቆጠረ ነው?» ይላል፤ የታክሲውን የሒሳብ መቁጠሪያ ማለቱ ነው። ጋሼ ታደሰ ሁልጊዜ «አዎ፣ ቶሎ አስገባን፣ ሒሳቡ ባንተ ላይ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ይህን ቀልድ ዓመት ሙሉ አልሰለቹትም።

ሌላው ሰው መስኮቱን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ፊልም ያያል። የእኛዎቹ ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተደርድረው ያቆሙና ወንበራቸውን አውርደው ከታክሲዎቹ ኋላ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ግማሹ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ነው። ሳምቡሳው ይዞራል፣ ቆሎው ይዞራል፣ ስለ ወረቀት ጉዳይና ስለ ልጅ ይወራል። ከአንዱ ሬድዮ ፊልሙ፣ ከሌላው ሬድዮ ታክሲ የሚያሰማራው የዲስፓቸሩ ድምፅ ስለሚመጣ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ሽጉጡን መዝዞ ሲቆም ኤርፖርት የሚሄድ ሰው እንዳለ ይነገረን ነበር። ሲያልቅ ከታክሲዎቹ አንዱ ባትሪው ሞቶ ይገኛል፣ ወንዶቹ ኬብል ይዘው ይሯሯጣሉ፣ እኛ ልጆች ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን እንቅልፍ ይወስደናል።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም ነበር። ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ከምትሰማው ሰላምታ በቀር የምታውቀው የለም። ነገር ግን ፊልም ውስጥ ማን እንደሚሞት ቀድማ ትናገራለች፣ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። በጣቷ እያሳየች «ይሄ ልጅ አያድርም» ትለኛለች፣ ትንሽ ቆይቶ ልጁ ይሞታል። ጋሼ ታደሰ ይህን ሲያይ ይናደድ ነበር፤ ፊልሙን ታበላሽብኛለች ይላል። እንዴት እንደምታውቅ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ሰዉን እዪው እንጂ» አለችኝ። «ሁሉም ድንገት ደግ ሲሆኑለት ነዋ። አባቱ ሳይቀር እየሳቀ ያቅፈዋል። እንዲህ ከሆኑለት በቃ፣ ነገር አለ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ አገር ቤት መደወል ውድ ነው፣ ከዚያ ሲደወል ደግሞ ሰው ልቡ ይደነግጣል። ስለዚህ እዚህ የሚኖር ሁሉ ለቤተሰቡ ሁለት የስልክ ቁጥር ይሰጥ ነበር። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላው የክፉ ቀን ቁጥር ነው። ሰው ሲሞት ለራሱ ለሐዘንተኛው አይደወልም፤ በክፉ ቀን ቁጥር ለሌላ ሰው ይነገራል፣ ያም ሰው ወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ በማለዳ ሄዶ መርዶውን ይነግራል። ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የወንድሙን ሞት አይሰማም። ይህ ነውር ነበር። የብዙ ሰው የክፉ ቀን ቁጥር የጋሼ ታደሰ ነበር። ሲቀልድ የሚውለውን ሰው ለምን ለዚህ እንደመረጡት በልጅነቴ አይገባኝም ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ሁሴን ኮምቦልቻ ነበር የሚኖረው። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። በካሴት ድምፁን ቀድቶ ይልክላት ነበር፤ ካሴቱን ወጥ ቤት ውስጥ ከፍታ፣ እሱ ሲጠይቃት ቆም ብላ እየመለሰችለት ታዳምጠው ነበር። በዚያ ዓመት ታሞ ሰነበተ። እኛ ጋ ሲመሽ እዚያ ስለሚነጋ፣ እናቴ በየምሽቱ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልክ አጠገብ ሆና ልብስ ታጣጥፋለች፣ ስልክ አጠገብ ሆና ትሰግዳለች።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሕንፃችን ሥር የታክሲ ጥሩንባ ተነፋ። በመስኮት ሳይ ጋሼ ታደሰ ነው። ሁልጊዜ ደረጃውን እየጮኸ የሚወጣው ሰው ያን ቀን አልወጣም። አባቴ ወርዶ ታክሲው ውስጥ ብዙ ተቀመጡ። ሲመለስ ፊቱን ታጠበና እንደ ዋዛ፦

«ዛሬ ማታ ሜዳው እንሂድ» አለ።

እናቴ ከምትጠርገው ጠረጴዛ ቀና አለች። «ዛሬ? ቅዳሜ ኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ደክሞኛል። አንድ ቅዳሜ ኦፍ ብወስድ ምን ይመጣል?»

«ስልክ እጠብቃለሁ፣ ይማም። ሁሴን እንዴት እንዳደረ...»

«ስልኩ የት ይሄዳል? ነይ ልጆቹም ይናፈሱ።»

ልጆቹ የሚባሉት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ትንሽ አየችውና ልብስ ልትቀይር ገባች። አባቴ ወዲያው ጎንበስ ብሎ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። የገባኝ ነገር ባይኖርም ልጅ ፍርሃትን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም፤ ለእናቴ አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ማታ ለታክሲ ነጂ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የሳምንቱ እንጀራ የሚገኝበት ምሽት ነው። አባቴ በትኩሳት እየተቃጠለ ቅዳሜ ሲሠራ አይቻለሁ። እናቴም የታክሲ ነጂ ሚስት ናት፤ ቅዳሜን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነች።

ሜዳው ስንደርስ በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ እንደ ልማዱ ሜትሩ እየቆጠረ እንደሆነ ጠየቀ። ከፊታችን የነበረው ጋሼ ታደሰ ከፍሎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ገባ። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ወደ እኛ አየ። እኛም አለፍን።

በመጨረሻው ረድፍ ላይ ታክሲዎቹ ሁሉ ተደርድረው ነበር። ሰኞ እንኳ መጥተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ነበሩ። አሁን ሳስበው የሆነው እንዲህ ነው፤ እናቴን ከስልኩ ለማራቅ አንድ ሁለት ሰው ይበቃ ነበር። የኛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ቀን ቤቱ መቅረት አያውቅበትም። ጋሼ ታደሰ ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ለሌላው ነገረ፣ «ሰዓዳን ዛሬ ብቻዋን እንዳንተዋት» ተባባሉና ሁሉም የቅዳሜ ሥራውን ትቶ መጣ። ነገሩን ሊደብቁ የመጡት ሰዎች ብዛታቸው ራሱ ነገሩን ተናገረ። ይህን ከመካከላቸው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ወንበራችን ገና ሳይዘረጋ ሴቶቹ እናቴን ከበው ይስሟት ጀመር። ሰላምታው አላልቅ አለ። እትዬ አልማዝ የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ እናቴ ትከሻ ላይ አደረገችላት፤ እናቴ አልበረደኝም ብትል አልሰማቻትም። የሜዳው ምግብ ውድ ነው ብሎ ከቤቱ በፌስታል ቋጥሮ የሚመጣው ጋሼ ታደሰ፣ ትልቁን ባልዲ ፈንድሻ ገዝቶ ይዞላት መጣ።

«እንቺ ሰዓዳዬ፣ ብዪ» አላት።

«ምነው ጋሼ ታደሰ፣ ዛሬ እርስዎ ደህና ነዎት?» አለችው እየሳቀች።

«እኔማ ምን እሆናለሁ» አለና ዞር አለ።

ፊልሙ ውሻቸው መንገድ ላይ ስለጠፋባቸው አንድ ቤተሰብ ነበር። ሰው በየመኪናው ይስቃል። የእኛ ክብ ግን ጸጥ ብሏል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«ሃያት፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ወንበሯ ላይ እንዳለች ቀስ ብላ ዞረች። መብራታቸው የጠፋ ታክሲዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየች። ሰዎቹን አየች። አንድም ሰው ፊልሙን አያይም ነበር፤ ሁሉም እሷን ነበር የሚያየው፣ ስትዞር ግን የሁሉም ዓይን ተሽቀዳድሞ ወደ ስክሪኑ ሄደ። በዚያው ቅጽበት ከታክሲዎቹ ሁሉ የዲስፓቸሩ ድምፅ በአንድ ላይ ወጣ። «ዌር ኢዝ ኤቭሪባዲ?»፣ ሰው ሁሉ የት ገባ ይላል፤ ቅዳሜ ማታ መኪና አጥቶ አብዷል። አባቴ ተነሥቶ ሮጦ የእኛን ዘጋው። የሌሎቹ ግን ቀጠለ። ያን ያህል እንግሊዝኛ እናቴም ይገባታል።

ፊቷን አየሁት። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ጋቢውን ወደ ራሷ ሰበሰበችና፣ ከሰው ፊት መብላት የማትወደው እናቴ፣ እትዬ አልማዝ የሰጠቻትን የሳምቡሳ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ መብላት ጀመረች። በላች፣ በላች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እትዬ አልማዝ ጨመረችላት፣ ያንንም በላች። ጋሼ ታደሰ ትልቅ ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት። ውሻው ሲገኝ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እናቴም አጨበጨበች። ከዚያ ግን አንድ እጇ ከወንበሩ ሥር የኔን እጅ ያዘ፣ በጣም አጥብቆ። እስክንነሣ አለቀቀችኝም።

ቤት ስንገባ ስልኩን ዞር ብላ አላየችውም። አባቴን ደህና እደር አለችው፣ እኔን አስተኛችኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳ ነቃሁ። ወደ ሳሎን ስወጣ ወንበሮቹ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ወጥተው ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃና ብርጭቆ ተቀምጧል። እናቴ ጥቁር ሻሽ አስራ መሃል ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ኮሪደሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በሩን ራሷ ተነሥታ ከፈተችላቸው። የገቡት ያው የትናንቶቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ወንበሮቹን ሲያዩ ክው አሉ።

ጋሼ ታደሰ ግን ጀመረ። መርዶ በደንቡ ከሩቅ ነው የሚጀመረው። ሁላችንም እንግዶች እንደሆንን፣ ሁላችንም ወደማይቀርበት እንደምንሄድ እየተንተባተበ ተናገረ። እናቴ አላቋረጠችውም፣ አላስቸኮለችውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። የሁሴንን ስም ሲጠራ ያን ጊዜ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። ጋሼ ታደሰ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ጠየቅኳት። ሜዳው ላይ አውቀሽ ከነበር ጠዋት ለምን እንደ አዲስ አለቀስሽ አልኳት።

«ሰው መርዶውን እስከ ቤቴ ይዞልኝ ሲመጣ እንዴት ቀድሜ አልቅሼ ልጠብቀው?» አለችኝ። «የቅዳሜ ሥራቸውን ዘግተው ራትሽን በልተሽ እደሪ አሉኝ። በላሁላቸው። እኔስ ለነሱ ሌላ ምን ላድርግላቸው?»

ከዚያ በኋላ ሜዳው ብዙም አልቆየም። እኔ ሃይስኩል ስገባ ሰው ፊልም እየተከራየ ቤቱ ማየት ለምዶ፣ የረድፎቹ ግማሽ ባዶ ይቀር ጀመር። መጀመሪያ የሰኞው ፊልም ቀረ። ከዚያ በቀን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ተደረገ፤ አባቴ አንድ ቀን የራሱን ወንበሮች የሚመስሉ ወንበሮች ሲሸጡ አይቶ ከፍቶት ተመለሰ። ከስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ በንፋስ ወድቆ ማንም አልጠገነውም፤ ተዋናዮቹ ያችን ቦታ ሲያልፉ ፊታቸው ይጠቁራል። የበሩ ሽማግሌ አንድ ክረምት ታጣ፣ የት እንደሄደ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሌላ የሚታየኝ ነገር ነበር።

ታክሲውም አልቆየም። ሰው በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር የዲስፓቸሩ ቢሮ ተዘጋ። አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኤርፖርት ተሰልፎ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ማታ ምንም ሳይል ይተኛል። እሱ ከሞተ በኋላ ጋሼ ታደሰ እትዬ አልማዝን ቀድሞ ቀብሮ ብቻውን ቀርቶ ነበርና፣ ያለውን ሸጦ አዲስ አበባ ሴት ልጁ ጋ ሄደ። ሊሄድ ሲል እናቴ ለወሎ ዘመዶቿ ሁሉ ደውላ የክፉ ቀን ቁጥሯን ቀየረች። አሁን ቁጥሩ የኔ ነው። ሜዳው ያለበት ደግሞ መስኮት የሌለው ግራጫ መጋዘን ሆኗል። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ የመኪና ሲኒማ ናፈቀኝ ሲል፣ የእኛ ከፈረሰ ቆይቷል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሎንግ ቢች ከምሠራበት ሆስፒታል ስወጣ ስልኬ ጠራ። የጋሼ ታደሰ ልጅ ናት። አባቷ ተኝቶ ሳለ እንደሞተ ነገረችኝ። በለቅሶዋ መሃል «እማማ ሰዓዳ በስልክ እንዳትሰማ፣ አደራ» አለችኝ። «አባቢ ሁልጊዜ እንደዛ ነበር የሚለው።»

የማውቃቸውን ሁሉ መደወል ጀመርኩ። አንዱ ተሳፋሪ ይዞ ነበር። አንዷ የማታ ሺፍት ልትገባ ነው። «ሶሪ ሃያትዬ፣ ሰንደይ እንመጣለን፣ ኦኬ?» አለችኝ። ሌላው «ግሩፑ ላይ ለምን ፖስት አታደርጊውም? ሁሉም በአንዴ ያየዋል» አለኝ፤ የድሮ ሰፈርተኞች በስልክ የምንጻጻፍበትን ግሩፕ ማለቱ ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ሁላችንም ደክሞናል፣ የቤት ኪራዩ አያስቀምጥም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰው ቢገኝ እንኳ ይበቃል፣ ዋናው ነገር ዛሬ ማታ አትስማ ብዬ ፍሪዌይ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ አልነቃነቅ አለኝ። ጋርዴና ላይ ከፍሪዌዩ ወጣሁና፣ እንዴት እንደሆነ ሳላስበው ራሴን መጋዘኑ ግቢ ውስጥ አገኘሁት።

ዳር ላይ፣ የሠራተኞች መኪና የሚቆምበት፣ የድሮው አስፋልት ትንሽ ቀርቷል። መኪናዬ ጉብታው ላይ ሲወጣ አፍንጫው ቀና አለ። ፊት ለፊቴ ግራጫ ግድግዳ ነው። እዚያ ቆሜ ለሌላ ሰው ልደውል ስልኬን ሳነሣ የግሩፑ መልእክት ገባ። የጋሼ ታደሰ ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ። ከሥሩ የተጣመሩ እጆችና የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። እናቴ ለበዓል በተገዛላት ታብሌት እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለች። ቀኑን ሙሉ ከእጇ አይወርድም።

ካልቨር ሲቲ ቤታችን እስክደርስ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። በሩ አልተቆለፈም። ስገባ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። የአልጋዋን ሥር ፈትሻ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ አውጥታቸዋለች። ምንጣፉ ተነጥፏል። ውሃና ብርጭቆ አለ። እሷ ጥቁር ሻሽ አስራ መሃል ላይ ተቀምጣለች፣ ታብሌቱ ትራስ ሥር ተደብቋል፣ ጫፉ ይታያል።

ወደ በሩ፣ ከኋላዬ አየች።

«ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ።

«ሌሎቹ... እሁድ ይመጣሉ፣ እማ።»

«እሺ» አለች። «በይ ተቀመጪ። ንገሪኝ።»

ምኑን እነግራታለሁ፣ ታውቀዋለች። እኔ ደግሞ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። ሆስፒታል የምናገረውን እንግሊዝኛ ነው የማውቀው። ግን ተቀመጥኩና እንደ ጋሼ ታደሰ ከሩቅ ጀመርኩ። ሁላችንም እንግዶች ነን አልኩ። ወደማይቀርበት ነው የምንሄደው አልኩ። የቀረው ጠፋብኝ፣ ሜዳውን ተናገርኩ፣ ፈንድሻውን ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ስሙን ስጠራ ያን ጊዜ ጮኸች፤ ያኔ ለሁሴን እንደጮኸችው። የሚደግፏት ሴቶች አልነበሩም፤ እኔ ብቻዬን ያዝኳት፣ ክብደቷን አልቻልኩትም፣ አብረን ምንጣፉ ላይ ወረድን።

እሁድ ጥቂት ሰዎች መጡ። መኪና ማቆሚያ አጥተው ዘገዩ፣ ስልካቸው ጠራ፣ ቶሎ ሄዱ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምግብም አምጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ የለም። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አንዱ ወንበር እንደገና ቅልጥሜን መታኝና፣ በቃ ብዬ ላጥፈው አነሣሁት። እናቴ ከመኝታ ቤቷ ሰማችኝ።

«ተዪው ልጄ» አለችኝ። «የማታ ሠራተኞቹ ገና አልመጡም።»

ወንበሩን መልሼ ዘረጋሁት። አባቴ በሲባጎ የጠገነው ነው። እኔም ደክሞኝ ስለነበር በሩን ፊት ለፊት እያየሁ እሱ ላይ ቁጭ አልኩ።